«ና» ማለት «እና» ብቻ ነው? በግድግዳው የቃላት ሰንጠረዥ ላይ የቀረበ ሂስ

በዚህ እትም ሂስ የማቀርበው በአንድ የግድግዳ ወረቀት ላይ ነው። አትሳቁብኝ፤ በኛ ሰፈር ከመጽሐፍ ይልቅ ብዙ ሰው ደጋግሞ የሚያነበው እሱ ነውና።

ወረቀቱ በማርከር የተጻፈ፣ በፕላስተር የተለጠፈ፣ አቧራው ያደበዘዘው ትልቅ ሰንጠረዥ ነው። ርዕሱ «አንድ ቃል በስድስት ቋንቋ» ይላል። ከላይ ወደ ታች የአማርኛ ቃላት ተደርድረዋል፤ ወደ ጎን ደግሞ የእንግሊዝኛ፣ የስዋሂሊ፣ የሶማሊ፣ የዓረብኛና የኦሮምኛ አቻዎቻቸው። «ውሃ» አለ፣ «ዳቦ» አለ፣ «ሐኪም» አለ፣ «አመመኝ» አለ። የሠሩት መምህራን ሊመሰገኑ ይገባል። ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተከፈተ ጀምሮ የደቡብ ሱዳን፣ የሶማሊያ፣ የኢትዮጵያ፣ የኮንጎና የብሩንዲ ሰው በአንድ ቧንቧ ተሰልፎ ውሃ የሚቀዳበት ቦታ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ጎረቤት እየዞሩ «ይሄን በናንተ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ ጠይቆ መጻፍ ትልቅ ሥራ ነው። አዲስ የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት «ማጂ» ብሎ ውሃ መጠየቅ የሚችለው በዚህ ወረቀት ነው። ለስም ለስሙ ሰንጠረዡ ጥሩ ነው። ውሃ የትም ሄዶ ውሃ ነው።

የኔ ቅሬታ በአንዲት ሳጥን ላይ ነው። «እና» በሚለው መስመር፣ በስዋሂሊው አምድ ሥር «ና» ተብሎ ተጽፏል። ስህተት ነው እንዴ? አይደለም። «ባባ ና ማማ» ማለት «አባትና እናት» ማለት ነው። የሶማሊው «ኢዮ»፣ የዓረብኛው «ወ»፣ የኦሮምኛው «ፊ» ሁሉም ልክ ናቸው። መስመሩ ልክ ስለሆነም ማንም አይጠራጠረውም። ተማሪው «ና = እና» ብሎ ደብተሩ ላይ ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፤ ከዚያ በኋላ ያችን ቃል ባየ ቁጥር ዓይኑን ሳያሽ «እና» እያለ ይተረጉማል።

አሁን ይህንን ልጅ «አሊፒግዋ ና አስካሪ» የሚል ዓረፍተ ነገር ስጡት። («አስካሪ» ሲባል እኛ የሚያሰክር መጠጥ ነው ትዝ የሚለን። ስዋሂሊ ግን ቃሉን ከዓረብኛ ወስዶ ለወታደርም፣ ለፖሊስም፣ በር ላይ ለሚቆመው ዘበኛም ይጠቀምበታል። ጣሊያን ከኤርትራ ያሰለፋቸው ወታደሮች «አስካሪ» ሲባሉ የሰማ ካለ ያው ቃሉ ነው።) ልጁ ደብተሩን ያያል። «አሊፒግዋ» ተደበደበ፤ «ና» እና፤ «አስካሪ» ወታደር። አንድ ላይ ሲያደርጋቸው ደግሞ «እሱና ወታደሩ ተደበደቡ» ይላል። ትክክለኛው ትርጉም «በወታደር ተደበደበ» ነው። ልብ በሉ፤ የመታው ሰው አብሮ የተመታ ሆነ። ጥፋተኛው ተበዳይ ተደርጎ ተጻፈ። ይህ በፈተና ወረቀት ላይ አንድ ማርክ ያስቀንሳል። በኢንተርቪው ክፍል ውስጥ፣ ሰው የደረሰበትን በሚናገርበት ሰዓት ቢሆን ግን የሚቀነሰው ማርክ አይሆንም።

ይቺ «ና» በስዋሂሊ ብዙ ሥራ አላት። ሁለት ስሞችን ታያይዛለች፤ ይህን ሰንጠረዡ ነግሮናል። «አሊኩጃ ና አስካሪ» ሲባል ግን «ከወታደር ጋር መጣ» ነው፤ እዚህ ላይ «ጋር» ሆነች። «አሊፒግዋ ና አስካሪ» ላይ ደግሞ አድራጊውን ታሳያለች፤ የኛን «በ» ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ከሁለቱም ጋር በቀላሉ የሚምታታ ሦስተኛ አለ፦ «አሊፒጋና ና አስካሪ»። ይህ «ከወታደር ጋር ተዋጋ» ማለት ነው። አንዱ የተደበደበ ሰው ነው፣ ሌላው የተዋጋ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት «ግዋ» እና «ጋና» ነው፤ ለደከመ ጆሮ ምንም ማለት አይደለም። ኬዙን ለሚያዳምጠው ሰው ግን ሁለት የተለያዩ የሕይወት ታሪኮች ናቸው። ደግሞ «ተዋጋ» ሲባል ከወታደሩ ጎን ተሰልፎ ነው ወይስ ወታደሩን ራሱን ነው የተዋጋው? ስዋሂሊው አይለይም። «ስዋሂሊ አሻሚ ነው» ከማለታችን በፊት የራሳችንን እንይ፤ «ከወታደር ጋር ተዋጋ» የሚለው አማርኛም አይለይም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከ«ና» በፊት ያለውን ግሥ ማየት ነው። በስዋሂሊ ተደራጊ ግሥ በመጨረሻው ላይ «ዋ» የምትል ድምፅ ያስገባል፦ «ፒጋ» መታ፣ «ፒግዋ» ተመታ፤ «ኢታ» ጠራ፣ «ኢትዋ» ተጠራ፤ «አንዲካ» ጻፈ፣ «አንዲክዋ» ተጻፈ። ያችን «ዋ» ሰምታችሁ ወዲያው «ና» ከተከተለች አብዛኛውን ጊዜ አድራጊው እየመጣ ነው። እርስ በርስ የሚደረግ ነገር ከሆነ ደግሞ ግሡ በ«አና» ያልቃል፦ «ፔንዳ» ወደደ፣ «ፔንዳና» ተዋደደ። ይህን ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ይበቃል። በሳሩፊ ክፍለ ጊዜ ሁሉ የሚሰጥ ነው፤ ሰንጠረዡ ግን ትርጉሙን አስቀድሞ ዘግቶ ስለሚመጣ ተማሪው ሳሩፊውን ሲማር ከ«ና» ጋር አያገናኘውም።

ሰንጠረዡ ሌላም ቦታ ላይ ይኸው ጠባይ አለው። «በ» የሚለውን ሲተረጉም «ክዋ» ይላል። ይህም ልክ ነው፤ «በዱላ ተመታ» ለማለት «አሊፒግዋ ክዋ ፊምቦ» ይባላል። ስዋሂሊ መሣሪያውን በ«ክዋ»፣ መቺውን በ«ና» ይለያል። አማርኛ ሁለቱንም በ«በ» ነው የሚለው፦ በዱላ ተመታ፣ በጎረቤት ተመታ። እንግዲህ አንዲት እናት የሰፈሩን ተማሪ ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች እንበል። «ልጄ፣ በጎረቤቴ ተደብድቤ ነው የመጣሁት በልልኝ» ትለዋለች። ልጁ ሰንጠረዡን ያምናል። «በ» ማለት «ክዋ» ነውና «ኒሊፒግዋ ክዋ ጂራኒ» ብሎ ይናገርላታል። ፖሊሱ የሚሰማው «ጎረቤት ቤት ተደበደብኩ» የሚል ነው፤ «ክዋ» ከሰው በፊት ስትገባ «እነ እገሌ ዘንድ» ማለት ነውና። መቺው ከቃሉ ወጣ፤ ቦታው ብቻ ቀረ። ማን መታሽ ተብላ ካልተጠየቀች በቀር ያች እናት የጎረቤቷን ስም ሳታስመዘግብ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ልጁም ጥሩ ተርጉሜያለሁ ብሎ ያስባል።

«ታዲያ እነሱ አንዲት ቃል ላይ ለምን ይሄን ሁሉ ይጭናሉ?» የሚል ተማሪ ገጥሞኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን በራሳችን አፍ ውስጥ አለ። በቤት፣ በዱላ፣ በጎረቤት፣ በጠዋት፣ በመቶ ሽልንግ፣ በማርያም! እስኪ ለአንድ የኮንጎ ልጅ «በ» ማለት ምን እንደሆነ በአንድ ቃል ንገሩት። ይቺው «ና»ም ብትሆን በአማርኛ ሥራ ፈት አይደለችም። «ዳቦና ሻይ» ስንል ታያይዛለች። «ሂድና አምጣ» ስንል አንዱን ሥራ ከሌላው ታስከትላለች። «ዝናብ ነውና አትውጣ» ስንል ምክንያት ትሆናለች፤ እዚህ ላይ «እና» ብሎ የሚተረጉም ተርጓሚ ነገሩን አላገኘውም። ብቻዋን «እና?» ስትባል ደግሞ «ታዲያ ምን ይሁን?» ነው፤ በምንለው ድምፅ ላይ ጠብም ይነሳል።

ከዚህ ሁሉ ሌላ ብቻዋን የምትቆም «ና!» አለች። ለወንድ ነው፤ ለሴት «ነይ»፣ ለብዙ «ኑ»፣ ለታላቅ «ይምጡ»። ይቺ «ና» ከምታያይዘው «ና» ጋር የድምፅ እንጂ የትርጉም ዝምድና የላትም። ግዕዙ «ነዓ» ይላል፤ ትግርኛው «ንዓ» ይላል፤ አማርኛ የጉሮሮውን ድምፅ ጥሎ «ና» አላት። ስለዚህ ሰንጠረዡ የስዋሂሊውን ቃል በግዕዝ ፊደል ለብቻው «ና» ብሎ ሲጽፍ የአማርኛ አንባቢ መጀመሪያ የሚያነበው ጥሪ ነው። ትንንሾቹ ክፍል ውስጥ መምህሩ «ባባ ና ማማ» ሲል የሚስቁት ለዚህ ነው፤ «አባባ፣ ና!» የተባለ ይመስላቸዋል። ክፍተቷ ራሷ ትርጉም አላት፤ «አሊና» እና «አሊ፣ ና» አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ጎረቤቶቻችን እንሂድ። ሰንጠረዡ ሶማሊ ሥር «ኢዮ» ብሎ ስለጻፈ ሶማሊ «ና» የምትል ቃል የሌለው ይመስላል። አለው እንጂ! «ዉ ና አርከይ» ማለት «አየን» ነው፤ «እኛን አየ» ማለት። ያውም የሚናገሩትን ሰው ሳይጨምር ነው። የሚያናግሩት ሰው አብሮ ከታየ «ዉ ኢና አርከይ» ይባላል። እኛ በአማርኛ «አየን» ብለን አንተ ትኑርበት አትኑርበት ሳንናገር እናልፋለን፤ ሶማሊው ግን በአንዲት «ኢ» ይለየዋል። ይህን ያህል ጥንቁቅ የሆነ ነገር በሰንጠረዡ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ከዚህ በተጨማሪ ሶማሊ ዓረፍተ ነገርን ከዓረፍተ ነገር የሚያያይዝ «ና» አለው፤ ሥራው ከኛ ጋር ይመሳሰላል። የሚለጠፍበት ቦታ ግን ይለያል። እኛ የፊተኛው ዓረፍተ ነገር ጫፍ ላይ እንለጥፋለን፦ «አሊ መጣና ማርያም ሄደች»። እነሱ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ይለጥፋሉ፤ የ«ማርያም» ስም ላይ እንደማለት ነው። ሶማሊ ተማሪ በአማርኛ ሲጽፍ «ና»ን የተሳሳተ ቦታ ላይ ካስቀመጠ ግድየለሽ ሆኖ አይደለም፤ የቤቱን ሥርዓት እየተከተለ ነው። አማርኛ የምታስተምሩ ይህን እያያችሁ አርሙ። ድምፁ ረዘም ብሎ «ናኣ» ሲባል ደግሞ በሶማሊ ሴትን መጥሪያ ነው። በኛ «ና» የሚባለው ወንድ፣ በነሱ «ናኣ» የምትባለው ሴት!

ኦሮምኛ ላይ «ና» ማለት «እኔን» ነው። «ና ዋሚ» ብትባሉ «ጥራኝ» ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ልጅ «ና» የሚለውን ሰምቶ ሮጦ ይመጣል፤ የተባለው ግን በኋላ እንዲጣራ ነው። «ዴምና» ሲሉ ደግሞ «እንሄዳለን» ማለታቸው ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ና» እኛነትን ታሳያለች።

ትግርኛ በሰንጠረዡ ላይ አምድ አልተሰጠውም፤ ይህ ራሱ አንድ ጉድለት ነው። ቢኖር ኖሮ ከሁሉ የሚያሳስተውን እናገኝ ነበር፤ ፊደሉ አንድ ስለሆነ። «ሃገርና» የሚለውን ቃል አንድ የአማርኛ አንባቢ ቢያገኘው «አገርና... ምን?» ብሎ ቀጣዩን ይጠብቃል። በትግርኛ ግን ነገሩ አልቋል፤ «አገራችን» ማለት ነው። «ትምህርትና» ትምህርታችን ነው። ትግርኛ «አባትና እናት» ለማለት «ኣቦን ኣደን» ብሎ «ን»ን ሁለቱም ላይ ያደርጋል። ዓረብኛም ከዚህ ጋር ነው፤ «ኪታቡና» ማለት መጽሐፋችን ነው። የጁባ ዓረብኛ የሚናገሩ ጎረቤቶቻችን «ቤት ታና» ሲሉ ቤታችን ማለታቸው ነው፤ «ኒና» ሲሉ ደግሞ «እኛ»። በስዋሂሊ ግን «ኒና» ማለት «አለኝ» ነው፤ «ኒና ኪታቡ» መጽሐፍ አለኝ። ቃል በቃል ከመጽሐፍ ጋር ነኝ ማለት ሲሆን ያችው «ጋር» የምትለው «ና» እዚህ ውስጥ ተደብቃለች። ሁሉም ሰው በሚያውቀው «ሀኩና» ውስጥም አለች። ሊንጋላ የሚናገሩት ኮንጎዎች ደግሞ «ናሊንጊ ዮ» ሲሉ «እወድሻለሁ» ነው፤ ፊት ያለችው «ና» እኔ ማለት ናት። «ናዛሊ ና ንዳኮ» ሲሉም «ቤት ውስጥ ነኝ» ነው፤ መጀመሪያ «እኔ»፣ ቀጥላ «ውስጥ» ሆነች። በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ሁለቴ፣ ሁለት ትርጉም።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ወገን ላይም ሂስ አለኝ። «አያችሁ፣ ሁሉም ቋንቋ አንድ ነው፤ ስዋሂሊ ‹ና›ን ከአማርኛ ነው የወሰደው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ሻይ ቤት ውስጥ ሲነገር ደስ ይላል፤ ክፍል ውስጥ ግን አይሆንም። የስዋሂሊው «ና» ከባንቱ ቋንቋዎች የወረሰው ነው። በሊንጋላ፣ በኪንያርዋንዳ፣ በኪሩንዲ፣ እስከ ደቡብ አፍሪካ በዙሉ ድረስ «እና»፣ «ጋር» ለማለት ይገኛል። አማርኛ እዚያ ድረስ አልሄደም። መገጣጠሙም ብዙ የሚያስደንቅ አይደለም። አንድ ቋንቋ 20 ተነባቢና 5 አናባቢ ቢኖረው፣ አንድ ተነባቢና አንድ አናባቢ ይዘው የሚሠሩ ድምፆች 100 ብቻ ናቸው። «ን» እና «አ» ደግሞ በዓለም ላይ በብዛት ከሚገኙ ድምፆች ውስጥ ናቸው። በዚህች ጠባብ ቤት ሁሉም ቋንቋ የየራሱን ዕቃ ሲያስቀምጥ መጋጨቱ የማይቀር ነው። እውነተኛ ዝምድና የለም ማለቴ ግን አይደለም። የትግርኛው «ኣቦና»፣ የዓረብኛው «አቡና» እና የግዕዙ «አቡነ» ሦስቱም «አባታችን» ናቸው፤ የአንድ አያት ልጆች ናቸው። ጳጳሳቱን «አቡነ እገሌ» እያልን ስንጠራ ያችን «የኛ» የምትል ጫፍ ሳናውቀው በየቀኑ እንላታለን። ዘመዱንና መልከ መመሳሰሉን ለይቶ ማስተማር የመምህሩ ፈንታ ነው።

በነገራችን ላይ ሁለቱንም «ና» በጆሮው የሰማ አንድ ሰው በታሪክ አለ። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ ተቀምጦ ኦሮምኛ አጥንቷል። በ1844 ሞምባሳ ገባ። በ1850 የስዋሂሊን ሰዋስው በአጭሩ አሳተመ፤ መዝገበ ቃላቱ የታተመው ግን እሱ ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ በ1882 ነው። ሞምባሳ ከገባ እስከዚያ 38 ዓመት ሆኖታል። የኛ ሰንጠረዥ በአንድ ተርም ስለተሠራ ባንፈርድበትም፣ እንዳለቀ ሥራ ግድግዳ ላይ ማቆየቱ ግን ትክክል አይመስለኝም።

ነገሩ እዚህ ካምፕ ብቻ የሚያጋጥም አይደለም። እስራኤል የገቡ ወገኖቻችን በየቢሮው በር ላይ «ና» በሚል ቃል የሚጀምር ማስታወቂያ ያገኛሉ። በዕብራይስጥ «ና» ማለት «እባክህ» ነው። «ና ሎ ለሂካነስ» የሚለው ጽሑፍ «እባክዎ አይግቡ» ማለት ነው። አማርኛው «ና» ይላል፣ በሩ «አትግባ» ይላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ ወረቀቱ ይገልበጥ ባይ ነኝ። ከስሞቹ ጋር ያለው ይቆይ፤ ለትንንሾቹ ቃላት ግን ሌላ ወረቀት ይዘጋጅ። መሐል ላይ «ና» ተብሎ በትልቁ ይጻፍ፤ ዙሪያውን እያንዳንዱ ቋንቋ አንድ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይስጥ፤ ስዋሂሊ አራት ይሰጠው፣ ይገባዋል። ትግርኛ ይጨመር፣ ሊንጋላ ይጨመር። ዓረፍተ ነገሩን የሚያመጡት ተማሪዎቹ ይሁኑ። «ና በናንተ ቤት ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ስዋሂሊ የማይሆንለት የሶማሊ ልጅ ያን ቀን አስተማሪ ይሆናል። ሰማንያና መቶ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ይህ ጊዜ ይወስዳል የሚል መምህር እንደሚኖር አውቃለሁ። ይወስዳል። አንድ ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። ግን ያው ክፍለ ጊዜ በየተርሙ «እና» የምትለዋን በቀይ እስክሪብቶ ስናርም ያልቃል። ጉድለቱንም ልናገር፦ እንዲህ ያለው ወረቀት ለፈተና አይሸመደድም፣ ሲታይም ዝብርቅርቅ ያለ ነው፤ ጎብኚ ሲመጣ እንደ ፊተኛው አያምርም።

ከ«ና» ቀጥሎ «ሲ» ብትሆን እመርጣለሁ። በስዋሂሊ «ሚሚ ሲ ምዋሊሙ» ማለት «እኔ መምህር አይደለሁም» ነው፤ በአማርኛ «ሲመጣ»፣ «ሲሄድ» እያልን ጊዜ እንቆጥርባታለን። በቤታችሁ ቋንቋ «ሲ» ያለበት አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከነትርጉሙ ጽፋችሁ ለክፍል መምህራችሁ ስጡ። ቃሉን ብቻ የጻፈ አንቀበልም።